ከርካሽ ናስ ላይ በቀጥታ ኤዲት ስናደርግ የሚያንቀን ኔትወርኩ ነው ወይስ ዲስኩ?

ቀራጭ ከማርቆስ
ጥር 26፣ ከምሽቱ 3፡20

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንሠራ የቪዲዮ ባለሙያዎች ነን፤ ኤዲተሮቹ ሦስት ነን። ሥራችን በአብዛኛው ሰርግ ሲሆን፣ ጥር ለእኛ የመኸር ወር ስለሆነ የተቀረጸውን ሁሉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቆርጠን ማስረከብ ይጠበቅብናል። እስከ አምና ድረስ ፉቴጁን በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እናዞር ስለነበር፣ የሙሽራዋ ቤት ሽኝት የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ስንፈልግ ግማሽ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ለመገላገል ዘንድሮ ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ዲስክ የሚይዝ ርካሽ ናስ (NAS)፣ ማለትም በኔትወርክ የሚከፈት የጋራ ፋይል ማከማቻ፣ ገዛን፤ ሐሳባችን ቪዲዮው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሦስታችንም ከዚያው በቀጥታ እንድንቆርጥ ነበር።

ያለን ዕቃ የሚከተለው ነው። ናሱ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት የሆኑ ሁለት የኔትወርክ ፖርቶች አሉት፤ እስካሁን የሰካነው በአንዱ ብቻ ነው። በውስጡ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሁለት ባለ8 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች አሉ፤ አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆን በሬይድ 1 አድርገናቸዋል። መካከል ላይ ሆኖ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ምንም ዓይነት ማስተካከያ የማይቀበል ተራ ባለ8 ፖርት የጊጋቢት ስዊች ነው። ሁለታችን በዴስክቶፕ፣ ሦስተኛው ባልደረባችን በላፕቶፕ እንሠራለን፤ የምንጠቀመው ፕሮግራም ፕሪሚየር ነው። ሰርጉን የምንቀርጸው በሦስት ካሜራ፣ በ4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል።

ችግሩን ልንገራችሁ። ከናሱ አጠገብ ያለው ዴስክቶፕ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ በሰከንድ 112 ሜጋባይት ያሳያል። ጓዳ ያለው ዴስክቶፕ ግን በዚያው ስዊች ላይ ተሰክቶ ከ11.3 አያልፍም። ላፕቶፑ በዋይፋይ ስለሆነ አንዴ 40፣ አንዴ 15 እያለ ይዋልላል። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ፈጣኑ ዴስክቶፕ ብቻውን ሲሠራ የሦስቱ ካሜራ ምስል ያለ ችግር ይሄዳል፤ ሦስታችንም ተቀምጠን ሥራ ስንጀምር ግን የእሱም ይቆራረጣል። ድምፁ ይቀጥላል፣ ሙሽራው ግን ጉርሻውን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ይቀራል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የናሱን ሁለት ፖርቶች አጣምሬ 2 ጊጋቢት ባደርጋቸው ይፈታልኛል? ካልሆነስ ናሱን ሸጬ ባለ10 ጊጋቢት ብገዛ ይሻላል? ለእኛ አቅም ቀላል ወጪ ስላልሆነ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ዓባይ ማዶ
ጥር 26፣ ከምሽቱ 5፡05

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ የኔትወርክ ዝርጋታ ነው። ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ያስቀመጧቸውን ሦስት ቁጥሮች በየተራ እንያቸው፤ ምክንያቱም ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

112 ጤናማ ቁጥር ነው። ሻጮች የኔትወርክን ፍጥነት የሚናገሩት በሜጋቢት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 1 ጊጋቢት ማለት በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ ከዚህ ላይ እያንዳንዱ ፓኬት (የመረጃ እሽግ) የሚሸከመው አድራሻና መቆጣጠሪያ ሲቀነስ ለፋይሉ የሚተርፈው ከ110 እስከ 118 ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ ማሽን በኩል ናሱም፣ ስዊቹም፣ ኬብሉም የሚችሉትን ሁሉ እየሰጡ ነው። ናሱ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ፈጣን ዲስክ ቢያስገቡ በአንድ ባለ1 ጊጋቢት ፖርት ከዚህ በላይ አይወጣም። በመዳብ ኬብል የሚሄደው ጊጋቢት ደረጃው የወጣለት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ርካሽ ናሶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእሱ ፈቀቅ ሳይሉ ቆይተዋል።

11.3 ግን ሌላ ነገር ነው። 100 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል 12.5 ይመጣል፤ የፓኬቱ ወጪ ሲቀነስ እርስዎ የጻፉት ቁጥር ላይ ይደርሳል። ጓዳ ያለው ማሽንዎ ከስዊቹ ጋር የተገናኘው በጊጋቢት ሳይሆን በ100 ሜጋቢት ነው ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ሽቦዎች አሉ። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንዶች ብቻ፣ ማለትም ጃኩ ላይ በ1ኛ፣ በ2ኛ፣ በ3ኛና በ6ኛ ቦታ ያሉትን ሽቦዎች ሲሆን፣ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሪዎቹ አራት ሽቦዎች አንዷ ብትበጠስ አብዛኞቹ የኔትወርክ ካርዶች ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ማንም ኬብሉን አይጠረጥርም። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ግንኙነቱን ዝርዝር ሲከፍቱ የተስማሙበት ፍጥነት ተጽፎ ያገኙታል። ከዚያ የሁለቱን ዴስክቶፖች ኬብል አቀያይረው ይሞክሩ፤ ዝግታው ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ታወቀ። ገበያ ላይ በቅናሽ የሚገኘው ኬብል ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጣ ብሎ ይታያል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ዋይፋይ አየሩን የሚጠቀመው በተራ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ ተራ ይሻሙታል። ለኤዲት የሚያስፈልገው ደግሞ የማይዋዥቅ ፍሰት ነው። የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር አስማሚ ይግዙለት፤ ነገር ግን አስማሚውም የሚሰካበት ቀዳዳም ዩኤስቢ 3 መሆኑን ያረጋግጡ። በዩኤስቢ 2 ከሰኩት የቀዳዳው ጣሪያ 480 ሜጋቢት ስለሆነ በተግባር 40 ሜጋባይት ማለፍ ይከብደዋል።

አሁን ሁለቱን ፖርት ወደ ማጣመሩ ልምጣ። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ ብዙ ሰው ከሞከረው በኋላ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሆንበታል። ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከአሮጌው ጋር አለ፤ ሁለት ድልድይ ስላለ ግን አንድ ሲኖትራክ በእጥፍ ፍጥነት አይሻገርም፣ በአንዱ ድልድይ ብቻ ነው የሚያልፈው። የፖርት ጥምረትም እንዲሁ ነው። ፓኬቶቹ ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ አንድ ኮምፒውተር ከናሱ ጋር የከፈተው ግንኙነት በአንዱ ኬብል ላይ ብቻ ይመደባል፤ ስለዚህ ለአንድ ኤዲተር 112 የነበረው 112 ሆኖ ይቀራል። የሚጠቅመው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ ጭነቱ በሁለቱ ኬብሎች ላይ እንዲከፋፈል ነው፤ ለዚያም ስዊቹ ጥምረቱን የሚያውቅ፣ ቅንብሩ የሚስተካከል ዓይነት መሆን አለበት። የእርስዎ እንደነገሩን ተራ ስለሆነ ይህ መንገድ ለጊዜው ዝግ ነው።

ስለ 10 ጊጋቢት ከማውራታችን በፊት የጓዳውን ኬብል ይመልከቱልኝ።


ቀራጭ ከማርቆስ
ጥር 27፣ ከረፋዱ 4፡40

ዓባይ ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። የዊንዶውሱ ዝርዝር 100 ይላል፤ ስዊቹ ላይም የጓዳው ኬብል መብራት ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፣ በየቀኑ እያየሁት ልብ ሳልለው ኖሬያለሁ። ኬብሉን ራሳችን ነበርን በክሪምፐር የመታነው። ጃኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቤ ስመለከት ሰባቱ ሽቦዎች እስከ ጫፉ ደርሰዋል፤ 8ኛው ቡናማው ግን ከወርቃማው ጥርስ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀርቶ ቆሟል። ቆርጬ አዲስ ጃክ መታሁበት፤ ጓዳ ያለው ማሽን አሁን 111 ያሳያል። የ64 ጊጋባይት የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ወደ ናስ ለማስገባት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ በ10 ደቂቃ አለቀ።

ለላፕቶፑም አስማሚ ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩት፤ 109 ሰጠኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ስንሠራ ምስሉ መቆራረጡን አላቆመም። እንዲያውም የጓዳው ማሽን ከፈጠነ ወዲህ የእኔ የባሰበት ይመስለኛል።


ዳሞት
ጥር 27፣ ከቀኑ 8፡15

ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የኔትወርክ ሰው አይደለሁም፣ እንደ እርስዎ ኤዲተር ነኝ፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ ላይ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነገር ስላለ ስሌቱን አብረን እንሥራው።

አንዱ ካሜራ 100 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። ሦስቱን ካሜራ ጎን ለጎን ስታጫውቱ 37.5 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ ጊጋቢቱ በደንብ ይበቃዋል። ሦስት ሰው ሲሆን 112.5 ይመጣል። ይህ የናሱ አንድ ፖርት መስጠት ከሚችለው ጋር እኩል ለእኩል ነው፤ አንዱ ሙዚቃ ሲጎትት ወይም ሌላው አዲስ ሚሞሪ ሲያስገባ ወዲያው ይሞላል። የጓዳው ማሽን ቀድሞ በ11 ታንቆ ስለነበር የፖርቱን ድርሻ ለእርስዎ ትቶልዎት ነበር፤ አሁን ድርሻውን መጠየቅ ጀመረ። የባሰብዎ ለዚህ ነው።

ይህ ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ከፖርቱ ኋላ ሌላ ጠባብ በር አለ፤ እሱም ሃርድ ዲስኩ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ እንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ 180 ወይም 200 ሜጋባይት ሊሰጥ ይችላል። ሦስት ሰው እያንዳንዱ ሦስት ካሜራ ሲከፍት ግን ዲስኩ ዘጠኝ ፋይል በተራ ማንበብ አለበት፤ የማንበቢያው ክንድ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ቦታው እስኪደርስና ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣለት ድረስ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይባክናል። በእያንዳንዱ ተራ 1 ሜጋባይት ብቻ አንብቦ ቢሄድ፣ ማንበቡ 5.5 ሚሊሰከንድ፣ መንገዱ 12 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በዚህ ሒሳብ የ180 ሜጋባይቱ ዲስክ ወደ 57 ይወርዳል። ሠራተኛው ከሥራው ይልቅ በመመላለስ ሲደክም ማለት ነው። ናሱ አስቀድሞ ብዙ እያነበበ በሚሞሪው ቢይዝ፣ እንዲሁም ሬይድ 1 ንባቡን ለሁለቱ ዲስኮች ቢያካፍል ቁጥሩ ይሻሻላል፤ ቢሆንም የእርስዎ ፍላጎት 112 ስለሆነ ዲስኩም እንደ ፖርቱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ዛሬ 10 ጊጋቢት ቢገዙና እነዚህኑ ዲስኮች ቢያስገቡበት ሙሽራው እጁን እንዳነሣ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይረሱ ይፈትሹ። አንዱን ክሊፕ ወደ ዴስክቶፑ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገልብጠው ከዚያው ያጫውቱት። እዚያም ላይ ከተቆራረጠ ጥፋቱ የኔትወርኩም የናሱም አይደለም፤ ካሜራው የጻፈውን የተጨመቀ ምስል መፍታት ፕሮሰሰሩን ወይም ግራፊክ ካርዱን እየከበደው ነው። በተለይ ባለ10 ቢት 4፡2፡2 የሆነውን ኤች.264 የተባለ የቪዲዮ አጨማመቅ ብዙ ግራፊክ ካርዶች በራሳቸው አይፈቱትም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዊች ስቀያይር ከርሜያለሁ።

መፍትሔው በእኔ አስተያየት ፕሮክሲ፣ ማለትም የዋናው ምስል ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ብዙ ሰው ፕሮክሲ ሲባል የሚያስረክበው ሥራ ጥራት የሚቀንስ ይመስለዋል፤ አይደለም። በትንሹ ቅጂ ትቆርጣላችሁ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሪሚየር ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ፕሮሬስ በተባለው የቪዲዮ ዓይነት የሚሠራው ፕሮክሲ በ1080 እና በ25 ፍሬም 38 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ይህም በሰከንድ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ዘጠኙም ፋይል በአንድ ላይ ሲከፈት 43 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለመፍታት ስለሚቀል አሮጌ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል። የስድስት ሰዓት ሰርግ በሦስት ካሜራ 18 ሰዓት ምስል ይሆናል፤ ዋናው 810 ጊጋባይት ሲወስድ ፕሮክሲው ከ310 አያልፍም፣ በየማሽኑ ባለ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይም ይገባል። ማታ አስጀምራችሁት ትሄዳላችሁ፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ።

በተቃራኒው ዋናውን ፋይል በሙሉ ወደ 4ኬ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው ልቀይር እንዳይሉ አደራ። እሱ በ25 ፍሬም 737 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 92 ሜጋባይት ነው፤ አንዱ ክሊፕ ብቻውን ጊጋቢቱን ይሞላዋል።


ፈረሰኛው
ጥር 28፣ ከጠዋቱ 2፡30

ከእንጅባራ ነው። ባለፈው ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል በአምስት ካሜራ ቀርጸን ገና ሚሞሪ እየገለበጥን ስለሆነ በአጭሩ ልናገር። ስለ 10 ጊጋቢት የጠየቀው ወንድሜ ከእኔ ይማር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባለ10 ጊጋቢት ፖርት ያለው ናስ ከውጭ አስመጣሁ። ሻጩ "ከዚህ በላይ ፍጥነት የለም" ብሎኝ ነበር፤ ፖርቱን በተመለከተ አልዋሸም፣ በሰከንድ 1250 ሜጋባይት ያስተላልፋል። ውስጡ ግን የነበሩኝ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም በሬይድ 1። መጀመሪያ ላይ 200 አካባቢ አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ወደ 110 ወረደ። ቆይቼ እንደተረዳሁት ሃርድ ዲስክ መጻፍ የሚጀምረው ከሳህኑ የውጭ ጠርዝ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ክቡ እየጠበበ በአንድ ዙር የሚያነበው ይቀንሳል፤ መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ የመጀመሪያው ግማሽ ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዛሁት ፖርት በቀኑ መጨረሻ ጊጋቢት ብቻ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከናስ ላይ ኤዲት ማድረጉን ጨርሳችሁ ተዉት ነው። እያንዳንዱ ኤዲተር የሚቆርጠውን ሰርግ ወደ ራሱ ኤስኤስዲ ይገልብጥ፣ ሲጨርስ ይመልስ፤ ናሱ ጎተራ ይሁን።


ዓባይ ማዶ
ጥር 28፣ ከምሽቱ 2፡10

ፈረሰኛው ስለ ዲስኩ የተናገሩት ትክክል ነው፤ በመደምደሚያው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሦስት ሰው አንድን ሰርግ ተካፍሎ ሲሠራ ዋናውን ፋይል ሦስት ቦታ መገልበጥ ማለት 810 ጊጋባይቱን ሦስት ጊዜ በዚያችው ፖርት ማሳለፍ ነው። በ110 ሜጋባይት አንዱ ቅጂ ብቻ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያም "የመጨረሻው ፋይል ማን ጋ ነው?" የሚለው የአምናው ጭቅጭቅ ተመልሶ ይመጣል። ዳሞት ያሉት የፕሮክሲ መንገድ ይሻላል፤ የሚገለበጠው ትንሹ ነው፣ ዋናው ከቦታው አይነቃነቅም።

ወደፊት ዕቃ ለመለወጥ ካሰባችሁ በ1 እና በ10 መካከል 2.5 ጊጋቢት እንዳለ አትርሱ። ደረጃው የጸደቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋና ጥቅሙ ቀድሞ በተዘረጋው ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ መሄዱ ነው፤ ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም። ባለ10 ጊጋቢቱ ግን በካት 6 እስከ 55 ሜትር ብቻ ይሄዳል፣ ለ100 ሜትር ካት 6ኤ ይፈልጋል፤ ከርቀቱ በላይ የሚከብደው ደግሞ የስዊቹና የካርዶቹ ዋጋ ነው። 2.5 ጊጋቢት በተግባር ወደ 280 ሜጋባይት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የሦስቱም ኤዲተሮች ጭነት የሚጠራቀመው በናሱ ኬብል ላይ ነው። ስለዚህ ናሱና ስዊቹ 2.5 ከሆኑ ኮምፒውተሮቹ በ1 ጊጋቢት ቢቀሩም ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሙሉ 112 ማግኘት ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መለወጥ ግድ አይደለም። ስትገዙ ግን የዝርዝሩን ወረቀት አንብቡ እንጂ በሞዴሉ አዲስነት አትመኑ። ለምሳሌ የሲኖሎጂ ዲኤስ224 ፕላስ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሆኖ ሳለ ያሉት ሁለት ባለ1 ጊጋቢት ፖርቶች ናቸው፤ ተከታዩ ዲኤስ225 ፕላስ አንድ ባለ2.5 እና አንድ ባለ1 ጊጋቢት ሲኖሩት፣ የኪውናፕ ቲኤስ-264 ሁለቱም ፖርቶቹ ባለ2.5 ናቸው። አሁን ባላችሁ ናስ ላይ የዩኤስቢ 2.5 አስማሚ ለመሰካት የሚመክራችሁ ሰው ካለ፣ የናሱ ሶፍትዌር አስማሚውን የሚያውቀው መሆኑን አስቀድማችሁ ከአምራቹ ዝርዝር አረጋግጡ፤ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ናስ ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም።

የትኛው እንዳነቃችሁ ለመለየት ኔትወርኩን ከዲስኩ ለይታችሁ ለኩ። አይፐርፍ3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሳይነካ በሁለት ማሽኖች መካከል ያለውን መስመር ብቻ ይለካል። እሱ 940 ሜጋቢት አካባቢ እያሳየ ፋይሉ ቀስ ካለ ዲስኩን ወይም የናሱን ፕሮሰሰር ጠይቁ።


የጮቄ ልጅ
ጥር 28፣ ከምሽቱ 4፡00

ፕሮሰሰሩ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ ናስ ላይ ፎልደሩን ምስጢራዊ ማድረግ፣ ማለትም ኢንክሪፕት ማድረግ፣ ደካማውን ፕሮሰሰር ስለሚያደክመው ፖርቱ ሳይሞላ ፍጥነቱ ይወርዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 24ኤች2 ከተባለው ዝመና ወዲህ በፋይል ማጋራት ላይ እያንዳንዱ መልእክት እንዲፈረም በነባሪነት ይጠይቃል፤ ይህም ናሱ ላይ ተጨማሪ ሥራ ነው። ከዝመና በኋላ ድንገት የቀነሰበት ሰው ኬብሉን ከመውቀሱ በፊት ይህንን ይመልከት። ጃምቦ ፍሬም (ከተለመደው የሚበልጡ ፓኬቶች) አብሩ የሚሏችሁን ግን ብዙ አትስሙ፤ በጊጋቢት ላይ የሚጨምረው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም፣ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ካልተስተካከለ ግን ናሱ ጭራሽ አልከፈት ሊል ይችላል።


ቀራጭ ከማርቆስ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሠራነውን ልንገራችሁ።

ክሊፑን በዴስክቶፑ ኤስኤስዲ ላይ ሳጫውተው አልተቆራረጠም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ነፃ ወጣ። አይፐርፍ3 በሦስቱም ማሽኖች ከ930 በላይ አሳየ። ከዚያ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ የየራሳችንን ሦስት ሦስት ካሜራ ከፍተን ስናጫውት የናሱን የኔትወርክ መለኪያ አየሁት፤ 60 እና 70 መካከል ይንቀጠቀጥ ነበር፣ 112 አጠገብ አልደረሰም። ጆሮዬን ሳስጠጋው ዲስኩ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣል። ዳሞት የጻፉት ስሌት በጆሮዬ ተሰማኝ ማለት ይቻላል።

ከትናንት በስቲያ ማታ የአንዱን ሰርግ ፕሮክሲ በፈጣኑ ዴስክቶፕ አስጀምረን አደረ፤ ጠዋት ለሦስታችንም በየኤስኤስዲያችን ገለበጥነው። ትናንትናና ዛሬ ስንቆርጥ ውለን አንድም ጊዜ አልቆመም፤ ናሱም ዝም ብሎ ተቀምጧል። 10 ጊጋቢቱን ትቼዋለሁ። የቀረው አንድ ችግር ኤክስፖርት ሲደረግ ነው፤ አንዱ ከዋናው ፋይል ሲያወጣ ሌላው ሚሞሪ የሚያስገባ ከሆነ ሁለቱም ይዘገያሉ። የናሱ ሁለተኛ ፖርት አሁንም ባዶ ነው፤ ለዚህ እንኳ አይጠቅመኝም?


ዓባይ ማዶ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 3፡00

ለዚህስ ይጠቅምዎታል። ኤክስፖርት የሚያደርገው ዴስክቶፕ ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለ አንድ የዩኤስቢ 3 አስማሚ ይጨምሩለት፤ ከዚያ ስዊቹን ሳይነኩ አንድ ኬብል በቀጥታ ወደ ናሱ ሁለተኛ ፖርት ይሳቡ። ለሁለቱ ጫፎች ከቢሮው የተለየ አድራሻ ይስጧቸው፤ ለምሳሌ የቢሮው በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ናሱን 192.168.50.1፣ ዴስክቶፑን 192.168.50.2 ያድርጓቸው፤ የጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫውን) ቦታ ባዶ ይተዉት። በዚያ ዴስክቶፕ ላይ የናሱን ድራይቭ የሚከፍቱት በስሙ ሳይሆን በዚህ አዲስ አድራሻ ይሁን፤ በስሙ ከከፈቱት በስዊቹ በኩል ሊዞር ይችላል። የድራይቩን ፊደል የድሮውኑ ከሰጡት ፕሪሚየር ፋይሎቹን አጣሁ አይልም።

በዚህ ጊዜ ኤክስፖርቱ የራሱ 112 ይኖረዋል፣ ሚሞሪ የሚገለብጠውም በስዊቹ በኩል የራሱን ይዞ ይሄዳል። ዲስኮቹ ግን ለሁለቱም ሥራ ያው ስለሆኑ ሁለቱም ሙሉ ፍጥነት ያገኛሉ ብለው አይጠብቁ። ኬብሉን ሲመቱም ስምንተኛዋን ሽቦ አይርሱ።